ሰው ወደሌለበት የተላከች ኳስ

ደረሰ ኳሷን ለተቃራኒ ቡድን ያቀበላት በስህተት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ያን እሑድ ሜዳ ያልነበረ ሰው ሁሉ «እግሩ ከድቶት ነው» እያለ ስለሚከራከረኝ ነው። እግሩ አልከዳውም። እንዲያውም በዚያ ጨዋታ ካቀበላቸው ኳሶች ሁሉ ያማረችው እሷ ነበረች። ሳትነጥር፣ ሳትዋልል፣ መሬቱን ይዛ ሄደችና መምህር ወልደጻድቅ እግር ሥር ቆመች። መምህር ወልደጻድቅ ደግሞ የሐይቅ ዳር ቀበሌ ተጫዋች ነበር።

ዘመኑ 1975 ነው። ከተማችን ያኔ አዋሳ ነበር የምትባለው። በየዓመቱ አራት ቀበሌዎች ለአንዲት ዋንጫ ይጋጠማሉ። ጨዋታው እሑድ ከስብሰባ በኋላ ነው፤ ስብሰባ ሳይገኝ ሜዳ ላይ የታየ ሰው ሰኞ ስለሚጠየቅ፣ ሜዳውን ከብቦ የሚቆመው ሕዝብ ጠዋቱን ሙሉ ሲያጨበጭብ የዋለ ነው። እጁ ይዝላል፤ አፉ ግን ገና ትኩስ ነው።

አምስት ደቂቃ ሲቀር አንድ ለአንድ ነበርን። ደረሰ መሐል ሜዳ ላይ ኳሷን ረግጦ ሲያማትር፣ መምህሩ ከወደ ግራ እጁን አንሥቶ «ደረሰ፣ ወዲህ» አለው። ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሮታል፤ ድምፁም ያው ጠመኔ አምጣ የሚልበት ድምፅ ነው። ልጁ ቀና ብሎ አየውና ሰጠው። መምህሩ ኋላ እንደነገረኝ እንደ ቀልድ ነበር የሞከራት፤ ኳሷ እግሩ ላይ ስታርፍ ራሱ ደንግጦ አንዴ ዳኛውን፣ አንዴ ደረሰን ተመለከተ። ከዚያ መታት። ገባች። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን፤ ደረሰም ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ፣ ዳኛው ካፏጨ በኋላም እዚያው ቆሞ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ፒያሳ ላይ የሚያልፈው ብስክሌት ሁሉ አንድ እጁን ያነሣ ጀመር። በኩማ የብስክሌት መጠገኛ ደጃፍ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ቀንሰው «ደረሰ፣ ወዲህ» ይሉና ያልፋሉ። ጋሪ ነጂዎችም ተማሩት። ደረሰ እዚያ ነው የሚሠራው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አቀርቅሮ ካላማዳሪያ ይለጥፋል እንጂ ቀና አይልም። ጆሮው ግን ከሩቅ ይታያል፤ በርበሬ መስሏል።

ኩማ ቀጣሪው ብቻ ሳይሆን አሠልጣኙም ነው። ጉልበቱ ከመሰበሩ በፊት ለክፍለ ሀገር ተጫውቷል። ይህን ልጅ ለስምንት ቁጥር የመረጠው እሱ ነው። ስምንት ቁጥር ማለት ኳስ የሚያከፋፍለው ነው፤ ኳሷ ከኋላ ወጥታ ወደ ፊት የምትሄደው በእሱ በኩል ነው። ደረሰ ጥሬ ነበር፤ ታኬታ ካደረገ ገና አራት ወሩ ነው። ኩማ ግን የብሎን ቁልፍ ወርውርልኝ ሲለው ልጁ በእግሩ እየመታ እጁ ላይ ያሳርፍለት ነበርና፣ ሌላውን አስተምረዋለሁ ብሎ ነው ያስገባው።

የስፖርት ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ ሊቀመንበሩ ጓድ ሽበሺ፣ ኩማና እኔ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮሚቴ የገባሁት የማልያውን ቁጥር በነፃ ስለሰፋሁ ነው፤ ስለ ስምንት ቁጥር ያለኝ እውቀትም ሁለት ቀዳዳ እንዳለው ከማወቅ አያልፍም ነበር። ያም ሆኖ ማክሰኞ ስንሰበሰብ እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ።

ጓድ ሽበሺ ነገሩን አሳጠረው። «ኳስ የሚያከፋፍል ሰው አዛዥ ነው» አለ። «ይሄ ልጅ ተላላኪ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ተላላኪ ነው። ዛሬ ለመምህሩ ሰጠ፣ ነገ ለዳኛው ይሰጣል።»

እኔም እውነቱን ነው አልሁ። አላፍርበትም፤ ከተማው ሁሉ ያለውን ነው ያልሁት። ኩማ ግን ሁለት ጨዋታ ቀርቶናል፣ ሁለቱን ስጡኝ ብሎ ለመነ። ጓድ ሽበሺ ሌላ ስምንት ቁጥር ስላልነበረው ተስማማ፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ከታየ ልጁ ጨዋታው መሐል ላይ ማልያውን አውልቆ እንደሚወጣ፣ ተመልሶም እንደማይገባ በቃለ ጉባኤ አስጻፈ። ጸሐፊው እኔ ስለሆንሁ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

የደረሰ እናት ካሰች ይህን ስትሰማ ለወንድሟ ቃል ላከች። ወንድሟ ይርጋለም ከተማ፣ ቡና ማጠቢያ ውስጥ የሰዓት ተቆጣጣሪ ነው፤ ልጁን ላኪልኝ ካለ ቆይቷል። እሷ ኳስ አትጠላም፤ ልጇ መሳቂያ ሲሆን ነው የማትወደው። ከቡድኑ በወጣ ማግሥት ይርጋለም ይሄዳል አለች። ደረሰ ለእናቱ መልስ አልሰጠም፤ መልስ ሰጥቶ አያውቅምና። ኩማን ግን እዚያ ከሄደ ቡና ሲለቅም እንደሚያረጅ፣ እዚህ ግን ስምንት ቁጥርን ቢያጣት መቼም እንደማይተካት ነግሮታል። ኩማ ነው ያጫወተኝ።

በነጋታው ኩማ ሱቄ መጣ። እያነከሰ ገብቶ መቀመጫ ሳልሰጠው ተቀመጠ።

«ጥፋቱ ያንተ ነው» አለኝ።

እንዴት ብዬ ስጠይቅ፣ ደረሰን በስንት ቀን አንዴ ትልከዋለህ አለኝ። አሰብሁ። ክር ሲያልቅ እልከዋለሁ። ከሰል ሲያልቅም እልከዋለሁ። ባለቤቴ ላምባ ታስቀዳዋለች። ከእኛ ቀጥሎ ያሉት ልጅ ስለሌላቸው እነሱም ደረሰን ነው። እኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ያየውን ልጅ ጠርቶ ይልካል፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከሁሉ ልጅ ደግሞ አንዴ ተጠርቶ የሚመጣው ደረሰ ስለነበር፣ ሌሎቹን እየተውን እሱን ስንጠራ አሥር ዓመት አለፈ።

«ሃያ ቤት ሆናችሁ አሠልጥናችሁታል» አለ ኩማ። «እኔ በአራት ወር ምን ላድርግ? አሁን እናንተው ታስረሱታላችሁ።»

ዕቅዱን ሲነግረኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሜዳው ዳር ተሰለፍን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሥራ የፈታ ጎረቤት ሁሉ። ኩማ በአመድ መስመር አሰመረ። ሥራችን ደረሰ ኳስ ሲጫወት መጥራት ነው። የእሱ ሥራ ደግሞ አለመምጣት ነው።

ነገሩን የሰማችው ካሰች ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። ልጄን ባለጌ ልታደርጉብኝ ነው አለች። እንዲህ አድርጋ ያሳደገችው በስንት ድካም እንደሆነ፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ በልጇ እንዳልተቀየማት ተናገረች፤ እውነትም ነበር። ኩማ ወደ አመዱ አመለከታት። ከመስመሩ ውስጥ ሽማግሌ የለም፣ ሁሉም አሥራ አንድ ናቸው፤ ከመስመሩ ውጭ ግን እንዳሳደግሽው ነው አላት።

ካሰች መስመሩን ብዙ ጊዜ አየችው። «ከአመዱ ውጭ አንድ ትልቅ ሰው ጠርቶት ዝም ቢል» አለች፣ «ኩማ፣ እሱን አይደለም፣ አንተን ነው የምቆጣው።» ከዚያ ከሴቶቹ ጋር ቆመች።

መጀመሪያ የጠራሁት እኔ ነኝ። ክር አልቆብኛል አልሁ። ደረሰ ኳሷን በውስጥ እግሩ አቁሞ፣ ጥሏት ወደ እኔ መጣ። ኩማ በፉጨት መለሰው። በሁለተኛው ቀን አልመጣም፤ ግን ኳስ እየነዳ «መጣሁ ጋሼ» ይላል። በሦስተኛው ቀን አፉን ያዘ፣ አንገቱ ግን ይዞራል። ባለቤቴ ከሁላችንም በላይ ተደሰተች፤ ለአሥር ዓመት የላከችውን ዕቃ ሁሉ እያስታወሰች በየተራ ጠራችው፤ በሕፃንነቱ ስም ሳይቀር። ልምምዱ አልቆ ከመስመሩ ሲወጣ፣ ያ ልጅ እያንዳንዳችን ዘንድ እየዞረ «ምን ልታዘዝ?» ይለን ነበር። ከእኛ ውስጥ አንዳንዱ አጋጣሚውን ተጠቅሞ እውነትም ይልከዋል። ስም አልጠራም።

በሳምንቱ መጨረሻ ማንም ቢጠራው የማይሰማ ሆነ። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ጨዋታ ስንጫወት የማንንም ጥሪ አልሰማም፤ የተቃራኒውንም፣ የእኛንም። ኳሷን ይዞ አቀርቅሮ ይነዳል፤ ሁለት ሰው ያልፋል፣ ሦስተኛው ይነጥቀዋል። ያለ ጎል ወጣን።

«በፊት ለሁሉም ይሰጥ ነበር» አለ ጓድ ሽበሺ፣ ከሜዳ ስንወጣ። «አሁን ለማንም አይሰጥም። መሻሻል ከተባለ፣ ተሻሽሏል።» በአካባቢው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አባባሉ ጥሩ ነበር።

ዋንጫው በዚሁ አመለጠን። የቀረን ጨዋታ ከታቦር ተራራ በኩል ካለው ቀበሌ ጋር ነው፤ እነሱ ሁለቱንም አሸንፈው ዋንጫውን በእጃቸው አስገብተዋል። እኛ ካላሸነፍናቸው ከአራት አራተኛ እንወጣለን። ጓድ ሽበሺም አራተኛ ከወጣን የደረሰ ነገር ያበቃለታል ብሎ ለካሰች ቤቷ ድረስ ሄዶ ነገራት። አስቦላት ነው፤ የአውቶቡስ ቦታ ቀድማ እንድትይዝ።

ኩማ ያን ሳምንት ኳስና ብስክሌት አንድ ላይ አዋለ። የተጠገነ ብስክሌት ሁሉ ከመመለሱ በፊት መሞከር አለበት፤ ድሮ አንድ ዙር ነበር የሚሞከረው፣ አሁን ሜዳ ላይ ይነዳል። ደረሰ መሐል ይቆማል፤ ነጂው እንደ ልቡ ይነዳል፤ ልጁ ኳሷን ሲመታ ከፊት ጎማው አንድ ክንድ ያህል ቀድማ ማለፍ አለባት። ብስክሌቱ ያለበት ቦታ ከመታ፣ ኳሷ ስትደርስ ብስክሌቱ ሄዷል። የሚሄድበት ቦታ መምታት ነው ያለበት፤ እዚያ ግን ገና ማንም የለም። ኩማ ደጋግሞ የሚለው ይኸንኑ ነው፤ ሰውየውን ሳይሆን ቦታውን እይ፣ ጥሪውን ሳይሆን አካሄዱን ስማ።

እኔም ነዳሁ። ደረሰ ሲመታት አየሁና ኳሷ የምትጎዳኝ መስሎኝ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ አደረግሁ። ፊት ጎማዬ ሥር ገባች። ወደቅሁ። ልጁ አመዱን ዘልሎ መጥቶ ሲያነሣኝ ዕንባ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው። ኩማ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። ኳሷ ልክ ነበረች፣ አንተ ነህ የቸኮልኸው አለኝ። ክርኔ ተልጦ፣ አንድ ሱሪዬ ተቀዶ፣ እኔው ሰፍቼው፣ ማታ ላይ ሳስበው ግን ሰውየው አልተሳሳተም። ልጁ እንደ አመጣጤ ብቀጥል የት እንደምደርስ አውቆ ነበር፤ እኔ ነበርሁ ያላወቅሁት።

እሑድ ከስብሰባ በኋላ ሜዳው ሞላ። የሰፈራችን ሰው ጨዋታውን፣ የሌላው ሰፈር ሰው ደረሰን ለማየት ነው የመጣው። የእኛ አምበል ግዛቸው ነው። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ የፋይናንስ ቢሮ ሠራተኛ፣ ጥሩ መቺ፤ ጎል አጠገብ ኳስ ካገኘ አይስትም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ሲሮጥ ያየው የለም። ከተከላካዮቹ አጠገብ ቆሞ እጁን ያነሣል፤ ታናናሾቹም ያመጡለታል። ይህም ልማድ ሆኖ ማንም አያነሣውም ነበር።

ደረሰ ግን አላመጣለትም። ግዛቸው እጁን ሲያነሣ፣ ኳሷ ከተከላካዮቹ ጀርባ ሰው ወደሌለበት ትሄዳለች። አንዴ ሄደች፤ በረኛቸው እየሣቀ አነሣት። ሁለተኛ ሄደች፤ ወደ ውጭ ወጣች። ሦስተኛ ስትሄድ ሕዝቡ «ለማን ነው?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። አንዱ ለይርጋለም ነው አለ። በመካከሉ የታቦሮቹ አጥቂ ከኮርና የተሻገረችውን በቴስታ አስገባት። አንድ ለዜሮ እየተመራን ዕረፍት ሆነ።

ተጫዋቾቹ ጥላ ሥር ሲሰበሰቡ ጓድ ሽበሺ ደረሰን ማልያውን አውልቅ ሊለው መንገዱን ጀምሯል። ግዛቸው ቀደመው። ወገቡን ይዞ ደረሰ ፊት ቆመ።

«እዚህ ነኝ» አለው። «አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ እዚህ ነኝ። እጄን አንሥቻለሁ። አታይም?»

ደረሰ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ትልቅ ሰው ቆሞ ሲያናግረው ተቀምጦ አይመልስም። «አይቼዎታለሁ ጋሼ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ተከላካዩም አይቶዎታል።»

ግዛቸው የያዘውን ወገቡን ለቀቀ። ይህ ልጅ ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲመልስ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው፤ ደግሞም ስድብ የለበትም፤ ብንፈልግም ስድብ አላገኘንበትም።

ጓድ ሽበሺ ይውጣ አለ። ኩማ ይቆይ አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ ከታየ ይወጣል ይላል። ነገር ግን ያ ለተቃራኒ ስለመስጠት ነበር፤ ሰው ወደሌለበት ስለመስጠት የተጻፈ የለም። ይህንኑ ተናገርሁ። ጓድ ሽበሺ በወረቀት ነገር ይጠነቀቃል፤ ቅር እያለው ተመለሰ። የክርኔ ቁስል ገና ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ያን ግን አልነገርሁትም።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ግራ ክንፍ የሚጫወተው ሙሉ የሚባል ጋሪ ነጂ ነበር፤ ገና ሃያ ዓመቱ፣ ከፈረሱ እኩል መሮጥ የለመደ። በዕረፍቱ ደረሰ ያለውን ሰምቷል መሰለኝ፣ ደረሰ ኳሷን እንዳገኘ እሱ ጥሪ ሳያሰማ፣ እጁንም ሳያነሣ ሮጠ። ኳሷ ከሁለት ተከላካይ መሐል አልፋ ወደ ባዶው ወጣች፤ ከታቦሮቹ አንዱ ሊሥቅ ጀምሮ ነበር። ሙሉ እዚያው ደረሰባት። በረኛውን ብቻውን አግኝቶ አስገባት። አንድ ለአንድ።

ከዚያ ወዲያ ለማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ደረሰ ኳስ ሲይዝ ሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው እሱን ትቶ ባዶ ቦታ መፈለግ ጀመረ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ በትክክል ገምቼ አጠገቤ ላሉት አሳውቄአለሁ፤ አራት ጊዜ ደግሞ ስቻለሁ። ታቦሮቹ ተጨነቁ፤ ማንን ይያዙ? የያዙት ሰው ዘንድ አትመጣም። አንዱ የእነሱ ሽማግሌ ተጫዋች፣ የመምህሩን ዘዴ ሰምቶ ኖሮ፣ ደረሰን በስሙ ጠርቶ ወዲህ በላት አለው። ልጁ አላየውም። ሜዳ ዳር የቆመችው ካሰች ግን ሰውየውን አየችው፤ አስተያየቷን ሲያይ ሰውየው ቦታ ቀየረ።

ሊያልቅ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ መሐል ላይ ኳሷን አገኘ። ሙሉን ሁለት ሰው ይዞታል። ግዛቸው እንደ ልማዱ ከተከላካዩ አጠገብ ቆሞ እጁን አነሣ። «ደረሰ፣ እግሬ ላይ» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ሁላችንም ሰማን።

ደረሰ ቀና ብሎ አየው። እንዳልሰማ አልሆነም፤ አቀርቅሮም አላለፈ። በደንብ አየው። ከዚያ ኳሷን ከግዛቸው አሻግሮ፣ ከተከላካዮቹ ኋላ፣ ከጎሉ በስተቀኝ ወዳለው ባዶ መሬት ላካት።

ግዛቸው ኳሷ በጎኑ ስታልፍ አየ። ለትንሽ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ የጠፋው መሰለ። ሜዳው ሁሉ እሱን ያያል፤ ኳሷ እየዘገየች ነው፤ በረኛው ልውጣ አልውጣ ይላል፤ ተከላካዩ ግዛቸው እንደማይሮጥ እርግጠኛ ሆኖ ገና ዞር እያለ ነው። ግዛቸው ሮጠ። መጀመሪያዎቹን ሦስት እርምጃዎች እጁን እንዳነሣ ነበር የሮጠው፤ ኋላ አወረደው። ቦርጩ ከማልያው ሥር እየተናጠ፣ ኳሷ ላይ ከበረኛው አንድ እርምጃ ቀድሞ ደረሰ። ጎል ፊት ኳስ ካገኘ አይስትም ብያለሁ። አልሳተም።

ካስገባ በኋላ መመለሻ አቅም አልነበረውም፤ ጉልበቱን ይዞ እዚያው ጎንበስ አለ። ደረሰ ሮጦ ሄደ። ግዛቸው መናገር ስላልቻለ የልጁን ማጅራት በአንድ እጁ ይዞ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ተደግፎት ቆየ። ሁለት ለአንድ አለቀ። ያልተሸነፉትን አሸነፍን፤ ሦስተኛ ወጣን። ሦስተኛ ሆኖ እንዲህ የጨፈረ ቀበሌ አዋሳ ታይቶ አይታወቅም።

ማክሰኞ በተሰበሰብን ጊዜ ጓድ ሽበሺ ሪፖርት አቀረበ። ኮሚቴው ከመጀመሪያው አንሥቶ በወጣቱ ተጫዋች ላይ በጽናት የተከተለው አቅጣጫ ፍሬ ማፍራቱን አነበበ። ኩማ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ወረቀቴ አየሁ፤ ጻፍሁት። ስምንት ቁጥር ለሚቀጥለው ዓመትም የደረሰ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ካሰች ለወንድሟ ልጁ እንደማይመጣ ላከችበት፤ ወንድሟም እንግዲያው ጨዋታ ሲኖር ልምጣ ብሎ መለሰ።

ረቡዕ ማለዳ፣ ሱቅ ለመክፈት በሐይቁ ዳር ብስክሌት ስነዳ፣ ከፊቴ አንድ ሰው ሲሮጥ አየሁ። የቢሮ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎታል። ስጠጋ ግዛቸው ነው። ከጎኑ ፍሬን ይዤ፣ በደኅና ነው ወይ፣ ማን ያባርርሃል አልሁት።

አልቆመም። «ጥቅምት ላይ ውድድሩ ይጀምራል» አለኝ፣ እያለከለከ። «ልጁ ደግሞ ያርቃታል።»

በብስክሌት ብሆንም እስከ መታጠፊያው ድረስ አልቀደምሁትም።